ዳይሱ ሳይጣል

እኔ ስናደድ በሰው ነው የምምለው። ክፉ አመል ነው፣ አውቃለሁ። ሌላው "ማርያምን!" ይላል፣ ሌላው "እግዜርን!" ይላል፤ እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አፌ ላይ ቀድማ የምትመጣው ታላቅ እህቴ ናት። መንገድ ላይ አንዱ ሾፌር ፊቴ ዘሎ ሲገባብኝ "እህቴ ትሙት ይሄ ሰውዬ ላይሰንስ የለውም!" እላለሁ። ሻይ ቀዝቅዞ ሲመጣልኝ "እህቴ ትሙት ከትናንት የተረፈ ነው!" እላለሁ። እሷም ታውቃለች። ከአዳማ በስልክ ስንገናኝ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ "ዛሬ ስንቴ ገደልከኝ?" ብላ ነበር። "ገና ጠዋት ነው እኮ፣ ሁለቴ ብቻ" እላትና እንሳሳቃለን።

እናታችን ቶሎ ስለሞተችብን ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኔ እንድማር ብላ ትምህርቷን አቋረጠች፤ ይህን ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አንስታብኝ አታውቅም። ሎስ አንጀለስ መጥቼ ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ በኋላ ኩላሊቷ ታመመ። መጀመሪያ "ትንሽ ድካም ነው" አለችኝ። ቆይቶ እጥበት ጀመረች። ሄጄ ላያት ይገባኝ ነበር፤ ግን የግሪን ካርድ ጉዳዬ ስላላለቀ ከአገር ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልገኛል። ጠበቃው "ፈቃዱ ሳይመጣ ከወጣህ መመለሻ የለህም" አለኝ። እሷም "እንዳታደርገው! ወረቀትህን ይዘህ ና፣ እኔ እጠብቅሃለሁ" አለችኝ። አመለከትኩ። ከዚያ በኋላ ኑሮዬ የፖስታ ሳጥን መክፈትና መዝጋት ሆነ። በሕይወት ሳለች አንዴ ላያት፤ ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረኝም።

ጋሼ ቤት መመላለስ የጀመርኩት በዚያ ሰሞን ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ እንጂ ዘመዴ አይደሉም። ቤተ ክርስቲያን የተዋወቅን፣ ዳውንታውን ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ካሸር ሆነው ዕድሜያቸውን ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ የኛ ሰው ከሚበዛበት ከፌርፋክስ መንገድ ጀርባ ባለች ጠባብ አፓርታማ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ቁጥብ ሰው ናቸው። ሰው ቤት አይሄዱም፣ ስልክ አይደውሉም፣ ከፌርፋክስ ርቀው የሚሄዱት ለቅዳሴና ሐኪም ሲቀጥራቸው ብቻ ነው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በታክሲዬ ቤታቸው ሳደርሳቸው "ግባ፣ አንድ ነገር ላሳይህ" አሉኝና ከአልጋቸው ሥር አንድ ያረጀ የካርቶን ሳጥን አወጡ።

የቤዝቦል ጨዋታ ነው። ጠረጴዛ ላይ፣ በካርድና ቁጥር በተቀረጸበት ዳይስ የሚጫወቱት። ጋራዡ ውስጥ አብሯቸው ይሠራ የነበረ አሜሪካዊ ጥበቃ መኪና በማይበዛበት ሰዓት አስተምሯቸው፣ ሥራውን ሲለቅ ሳጥኑን ትቶላቸው ሄደ። እኔ ደግሞ ኳስ ማለት በእግር የሚመታው ብቻ ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ። "ጋሼ፣ ይሄ በዱላ የሚጫወቱት ነገር እንቅልፍ ያስወስደኛል" አልኳቸው። "ቁጭ በል" አሉኝ። ቁጭ አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልነሳ ቀረሁ ማለት ይቻላል።

እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ካርድ አለው። ካርዱ ላይ ሰውየው ምን ያህል እንደሚመታ፣ ምን ያህል እንደሚስት በቁጥር ተደርድሯል። ዳይሱ ይጣላል፣ የወጣው ቁጥር ካርዱ ላይ ይፈለጋል፣ የተጻፈው ይሆናል። ሰው የሚያዝበት ነገር ጥቂት ነው። ከጥቂቱ አንዱና ጋሼ የሚወዱት ሂት ኤንድ ራን የሚባለው ነው። መጀመሪያ ስሰማው ደነገጥኩ፤ ለኛ ለሾፌሮች ገጭቶ የሚያመልጥ ባለጌ ስም ነዋ! ጋሼ ስቀው አስረዱኝ። አንድ ሯጭ አንደኛው ቤዝ፣ ማለትም የመጀመሪያው ማረፊያ፣ ላይ ቆሟል እንበል። እንደ ወትሮው ቢሆን ኳሷ ስትመታ አይቶ ነው የሚሮጠው። በሂት ኤንድ ራን ግን ኳሷ ከወርዋሪው እጅ እንደወጣች፣ ትመታ አትመታ ሳያውቅ፣ ይነሳል። መቺውም ጥሩም ትሁን መጥፎ የመጣችለትን መምታት አለበት፤ ጓደኛው መንገድ ላይ ነው። ከመታት ሯጩ ሩቅ ይደርሳል። ከሳታት ግን ሯጩ ሜዳ መሃል ብቻውን ይቀራል። ሁለቱም በአንዴ ይቃጠላሉ።

የጋሼ ትልቁ ሕግ ይሄ ነበር፦ ሂት ኤንድ ራን የሚባለው ዳይሱ ሳይጣል ነው። ቁጥሩን አይተህ አይደለም። ካልክ በኋላ ደግሞ መመለስ የለም። "ካፍ ከወጣ አፋፍ" ይላሉ፣ በጣታቸው ጠረጴዛውን መታ መታ አድርገው።

ሁለተኛው ሕጋቸው "ሯጭህን ትተህ መቺህን እይ" የሚል ነበር። እሳቸው ዘንድ "ትንሹ" የምንለው አንድ ካርድ አለ። አጭር፣ ጉልበት የሌለው፣ ግን ኳስ የማይስት። ሂት ኤንድ ራን የሚሉት ትንሹ ሲመጣ ብቻ ነው። "ጢማሙ" የምንለው ደግሞ አለ። ሲመታ ኳሷ ከሜዳ ትወጣለች፣ ግን ከሚመታው የሚስተው ይበልጣል። "በጢማሙ ሂት ኤንድ ራን የሚል ሰው ልጁን ባቡር ሐዲድ ላይ አቁሞ ሻይ የሚጠጣ ሰው ነው" ይሉኝ ነበር። ምክንያቱም እኔ እለው ነበር! ደሜ ሲፈላ ማንም ይምጣ ማን "ሂት ኤንድ ራን!" እልና "እህቴ ትሙት ይመታታል!" ብዬ ዳይሱን እወረውረዋለሁ። አይመታትም። ጋሼ በሳቅ ይፈርሳሉ። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ደግሞ ያቺን ምስኪን አሁንም ገደልካት?" ይሉኛል።

የምንጫወተው በሲሪስ ነው፤ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ሲሪሱን ወሰደ። እኔ አንድም ወስጄ አላውቅም። አንድ ቀን ተሸንፌ ስነሳ፣ ከንዴቴ ብዛት "ጋሼ፣ ይስሙኝ። እኔ እርስዎን ሲሪስ ያሸነፍኩ ዕለት ወረቀቴ ይመጣል። አበቃ!" አልኳቸው። ቀልድ ነበር። ግን ሰው ሲጨንቀው የገዛ ቀልዱን ያምናል። ከዚያ ወዲህ በየጨዋታው ስለ እህቴ የምጫወት መሰለኝ። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ፤ ግን ጨዋታ ላይ ምሕረት የላቸውም። "ወረቀቱን ኢሚግሬሽን ይስጥህ፣ ከኔ አትጠብቅ" ይሉኝ ነበር።

እንግዲህ ወደዚያች ሳምንት ልምጣ።

ረቡዕ ጠዋት ሆሊውድ ሰው አውርጄ ገና ሳልነሳ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው። ደውለውልኝ አያውቁም። "የት ነህ? ና እስቲ፣ የተጀመረውን ሲሪስ እንጨርስ" አሉኝ። "ሥራ ላይ ነኝ እኮ ጋሼ።" "ሥራው የት ይሄዳል? ሽሮ ሠርቻለሁ" አሉኝ። ደስ አለኝ፣ ልዋሽ? ኤርፖርት ወረፋ ላይ ስንቃጠል ከመዋል ይሻላል፤ በአፕ የሚጠሩት መኪኖች ከመጡ ወዲህ ወረፋው እንደሆነ አይነቃነቅም። ስገባ ከበሩ ነው የተቀበሉኝ። ስልኬን ከእጄ ወስደው ፍሪጁ ላይ አስቀመጡት። "ስንጫወት አታነካካው፣ ሐሳብህ ይበተናል" አሉኝ።

ረቡዕ አሸነፍኳቸው። ሐሙስም ደውለው ጠሩኝ፣ ሐሙስም አሸነፍኳቸው። እንዴት እንደሆነ አልገባኝም። ትንሹ ሲመጣ ዝም ይላሉ። ጢማሙ ሲመጣ፣ ሯጫቸው አንደኛው ቤዝ ላይ ቆሞ፣ "ሂት ኤንድ ራን" ይላሉ፣ ቀስ ብለው፣ አይናቸውን ካርዱ ላይ ተክለው። ሁለቱም ይቃጠላሉ። "ጋሼ! የሐዲዱ ልጅ የት ሄደ? አረጁ እንዴ?" እያልኩ ቀለድኩባቸው። ሽሮውን ወደኔ ገፋ አደረጉ። "ብላ" አሉኝ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ይሄን ነው።

ዓርብም እንዲሁ ጠዋት ጠሩኝ። ሲሪሱ ሦስት ለሦስት ነበር፤ ይህን ጨዋታ ካሸነፍኩ የመጀመሪያዬ ነው። መጨረሻው ዙር ላይ በአንድ ነጥብ እመራለሁ። የሳቸው ተራ ነው። አንድ ዘገምተኛ ሯጭ አንደኛው ቤዝ ላይ ቆሟል፤ የተቃጠለ የለም። የሚመጣው መቺ ጢማሙ ነው። ጨዋታውን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል፤ እዚህ ላይ ጢማሙን ዝም ብለህ ትለቀዋለህ፤ ከመታት ከሜዳ ያወጣታል፣ ሁለት ነጥብ ታገኛለህ፣ ታሸንፋለህ።

"ሂት ኤንድ ራን" አሉ ጋሼ።

"በጢማሙ?" ብዬ ከወንበሬ ተነሳሁ። "እህቴ ትሙት አብደዋል!"

ዳይሱን በጡጫቸው እንደያዙ ቀሩ። እጃቸው አየር ላይ ነው፤ አይጥሉም፣ አያወርዱም። "ተው" አሉኝ። "በሷ አትማል።"

"ዛሬ ምን ተገኘ? ሁልጊዜ የሚስቁብኝ እርስዎ አይደሉም?"

"ዓርብ ነው" አሉ። "ጾም ነው። በጾም ቀን አይማልም።"

እውነት መሰለኝ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጾም ያጠብቃሉ። "እሺ ይቅርታ፣ ይጣሉ" አልኳቸው። ጣሉ። ጢማሙ ሳታት፣ ዘገምተኛው መሃል መንገድ ላይ ቀረ፤ ሁለቱም ተቃጠሉ። ቀጥሎ የመጣውም ኳሷን ሽቅብ አጉኖ ተያዘበት፤ ሦስት ተቃጠለ። አለቀ።

ጨፈርኩ። እንዲያው በደፈናው ደስ አለኝ ማለቴ አይደለም፤ ጋሼ ምንጣፍ ላይ፣ ጫማዬን እንዳደረግኩ፣ እጄን ዘርግቼ እስክስታ ወረድኩ። "ወረቀቴ መጣ! እህቴ ትሙት በዚህ ሳምንት ይመጣል!" እያልኩ። ዓርብ መሆኑንም ረሳሁት። ጋሼ ካርዶቹን እየሰበሰቡ ነበር። አንዱን ካርድ አንስተው ያስቀምጣሉ፣ መልሰው ያነሱታል፤ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው አልገባም። ስልኬን ከፍሪጁ ላይ አንስቼ አዳማ ደወልኩ። እዚያ መሽቷል። የእህቴ ልጅ አነሳችው። "ስጪኝ እስቲ፣ ሲሪስ አሸነፍኩ በያት፣ ልመጣ ነው በያት!" አልኳት። "ተኝታለች፣ እነግራታለሁ" አለችኝ። ድምፅዋ ታፍኗል። "ምን ሆነሻል?" "ጉንፋን ነው፣ አጎቴ።" "ሎሚ ጠጪ እንጂ!" ብዬ ዘጋሁት።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ኢንግልዉድ ያለው ቤቴ ተንኳኳ። በሩን ስከፍት ፊት ለፊት የቆሙት ጋሼ ናቸው። ከኋላቸው ቄሱ፣ ከቄሱ ኋላ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች፣ ደረጃው ላይ የማውቃቸው ሾፌሮች። ከፌርፋክስ የማይወጡት ሰው ኢንግልዉድ ደጄ ላይ ቆመዋል። ፊታቸውን ሳይ መጀመሪያ ወደ ሐሳቤ የመጣችው እህቴ አልነበረችም። ጢማሙ ነው። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፤ ሁሉም ባንዴ ገባኝ፤ እና "አይሆንም፣ ጋሼ፣ እንዳይናገሩ!" ብዬ በሩን መልሼ ልዘጋው ታገልኩ። ሾፌሮቹ ገፍተው ገቡና ያዙኝ። ቄሱ ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዎች ናቸው የነገሩኝ፤ ጎረቤት ፖሊስ ሊጠራ ነበር አሉ።

የሞተችው ማክሰኞ ነው። በማግስቱ ቀብረዋታል። እየነዳሁ ስልክ ስለማላነሳ የጋሼን ቁጥር ለእህቴ ልጅ የሰጠኋት እኔ ራሴ ነኝ፤ እሷም ለሳቸው ደውላ ነገረቻቸው። ሽማግሌዎቹ ተማከሩ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ለብቻው አይነገርም፣ መሪ የያዘ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይነገረውም። ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ ነው። ሰው የሚሰበሰበው ደግሞ ሥራ በሌለበት ቀን ነው፤ እዚህ አገር መርዶም ዴይ ኦፍ ይጠብቃል። "እስከ ቅዳሜ ማን ይይዘዋል?" ሲባል ጋሼ "እኔ" አሉ።

ሦስት ቀን ሳሎኔ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀመጥን። ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ምግብ ያመጣል። ጋሼ ጥግ ይዘው ሦስቱንም ቀን አልተነሱም። ሰው ቀለል ሲል አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ። ንዴቴን አልደብቅም፤ ይነደኝ ነበር።

"ለምን አላሸነፉኝም?" አልኳቸው። "መያዝስ ይያዙኝ፣ እሺ። ለምን ሆን ብለው ተሸነፉልኝ?"

"ሌላ ምን ነበረኝ ልሰጥህ?" አሉኝ።

"አልፈልግም ነበር! እህቴ አፈር ውስጥ ሆና እኔ ቤትዎ እስክስታ ወረድኩ! ስሟን እየጠራሁ፣ ትሙት እያልኩ!"

"አውቃለሁ" አሉ። "ስትጨፍር ያየሁህ እኔ ነኝ።"

አብረን አለቀስን። እኔ ለእህቴ፤ እሳቸው ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

አርባዋን ካወጣሁ በኋላ ፈቃዱ መጣ። የፖስታ ሳጥኑን ከፍቼ ሳየው ምንም አልተሰማኝም፣ መብራት ኃይል የላከው ቢል ይመስል። ከነፖስታው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። መቃብር ለማየት አይቸኮልም።

ጋሼ ቤት ለረጅም ጊዜ አልሄድኩም። ስሄድም ዝም ብዬ ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ። አንድ እሑድ ግን ራሳቸው አጎንብሰው ሳጥኑን ከአልጋው ሥር ጎተቱት። አልጋውን ይዘው ነው የተነሱት። "እንደ ድሮው ነው" አሉኝ። "አልምርህም።" አልማሩኝምም። ካርዶቹን እንደ ድሮው በፍጥነት ይገለብጣሉ። ሦስተኛው ዙር ላይ ሯጫቸው አንደኛው ቤዝ ላይ ቆመ፤ ቀጥሎ የመጣው ትንሹ ነው።

"ሂት ኤንድ ራን" አሉ።

ትክክለኛው ቦታ ላይ፣ በትክክለኛው ሰው ነው ያሉት። ደሜ ሞቀ። ከወንበሬ ብድግ ብዬ ጣቴን ካርዱ ላይ ቀስሬ "አይመታትም! እህቴ ት..." አልኩና አፌ እንደተከፈተ ቀረ። እጄም እንደተቀሰረ ቀረ። ሕይወቴን ሙሉ ስምልባት ኖሬ የምምልበት ሰው የለኝም። ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ።

ጋሼ ዳይሱን በጡጫቸው ይዘው አዩኝ።

"በኔ ማል" አሉኝ።

"ተዉ ጋሼ።"

"ምናለበት? ሽማግሌ ነኝ። ጋሼ ይሙቱ በል።"

"አልልም!" ብዬ ጮህኩባቸው። "የቀሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት፣ አልልም!"

ዳይሱን ጣሉ። ትንሹ መታት።